የሥዕል ልብ ወለድ የልጆች መጫወቻ አይደለም

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከቦሌ ብዙም በማይርቅ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ለወጣት ከያንያን በተዘጋጀ ውድድር ላይ ከዳኞች አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። በጠረጴዛው ላይ ግጥሞች፣ አጫጭር ልብ ወለዶችና ሥዕሎች በየዘርፋቸው ተከምረዋል። ከመካከላቸው አንድ ሥራ ግን ቦታ አጥቶ ከጠረጴዛው ጫፍ ለብቻው ተቀምጧል። ሃያ አራት ገጽ ያለው ደብተር ነው። በየገጹ ሥዕሎች በተርታ ተደርድረዋል፤ ጥቂቶቹ አጭር ንግግር ይዘዋል፤ የሚበዙት ዝም ያሉ ናቸው።

ታሪኩ ቀላል ነው። በቦሌ ዳርቻ ጤፍ ይዘሩ የነበሩ አንዲት እናት ከመሬታቸው ተነሥተው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ኑሮ ይጀምራሉ። የአሣሣሉ ጥበብ ግን ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ገጾች እያንዳንዱ ሥዕል የገጹን ስፋት በሙሉ ይይዛል፤ መሬቱ ሰፊ ነው፤ ሰማዩም ሰፊ ነው፤ ከላይ የሚያልፈው አውሮፕላን ከጭልፊት አይበልጥም። ታሪኩ ወደ ፊት በገፋ ቁጥር ሥዕሎቹ እየጠበቡ፣ በቁጥርም እየበዙ ይሄዳሉ፤ አውሮፕላኑ ብቻ እየተለቀ ይመጣል። በመጨረሻው ገጽ የምናየው የሕንፃ ግድግዳ ነው፤ አሥራ ሁለት እኩል መስኮቶች አሥራ ሁለት እኩል ሥዕሎች ሆነው ቆመዋል። ከአንዱ መስኮት ደፍ ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለች ጤና አዳም ትታያለች። ቃል የለም። እኒያ እናትም አይታዩም።

ዳኞቹ ተመካከርን። «ሥነ ጽሑፍ እንዳንለው ጽሑፉ አነሰ» አሉ አንደኛው። «ሥዕል እንዳንለው ታሪኩ በዛ» አሉ ሁለተኛው። ሦስተኛው በቅን ልቡና «ለልጆች ክፍል ቢተላለፍስ?» ሲሉ ጠየቁ። ደብተሩ በማናቸውም ዘርፍ ሳይመዘን ለባለቤቱ ተመለሰ። እኔም እጄን አላወጣሁም፤ አንዲት ቃልም አልተናገርሁም።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ዝምታ የሚከፈል ዕዳ ነው። ክርክሬም ከሌሎች ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሴም ጋር ነው።

ሁለት ዓይነት አለማንበብ

ባሕር ማዶ «ግራፊክ ኖቭል» የሚሉት፣ እኛ የሥዕል ልብ ወለድ ልንለው የምንችለው የኪነ ጥበብ ዘርፍ በአገራችን ሁለት ዓይነት ባላንጣ አለው። አንደኛው ንቀት ነው። ንቀቱ የሚነሣው ሥዕል የያዘ መጽሐፍ ፊደል ላልጠነከረ ሰው የተሠራ ምርኩዝ ነው ከሚል እምነት ነው። ሕፃን በሥዕል ይጀምራል፤ ሲያድግ ሥዕሉን ጥሎ ቃሉን ይይዛል፤ ስለዚህ በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ያላደገ ታሪክ ነው ይባላል። ሁለተኛው ባላንጣ ውዳሴ ነው። አንድ ወጣት ደራሲና አንድ ሠዓሊ ተባብረው መጽሐፍ ሲያወጡ «የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ» የሚል ርእስ ይሰጣቸዋል፤ ይጨበጨብላቸዋል፤ በማግሥቱም ይረሳሉ። የናቀውም ያወደሰውም መጽሐፉን ገልጠው አላነበቡትም። ሁለቱ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ንቀቱን ለመመለስ ረጅም መንገድ መሄድ አያሻም። አሜሪካዊው አርት ስፒገልማን አባቱ ከናዚዎች የሞት ካምፕ በሕይወት የወጣበትን ታሪክ «ማውስ» በተባለው ሥራው ሣለ። አይሁዶችን በአይጥ፣ ጀርመኖችን በድመት መስሎ ያቀረበው ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጥቶታል። የኢራን ተወላጇ ማርጃን ሳትራፒ ከ2000 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ባሳተመችው «ፐርሴፖሊስ» አብዮትን፣ ጦርነትንና ስደትን በአንዲት ልጅ ዓይን፣ በጥቁርና በነጭ ብቻ ተርካለች። እነዚህን የሕፃን ጨዋታ ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ ጨዋታውን ይንገረን።

ነገር ግን «ፈረንጅ አክብሮታልና እናክብረው» ብለን ብንከራከር ክርክራችን የውርደት ይሆናል። ዋናው ጥያቄ ይህ ጥበብ በምን ይሠራል? የሚለው ነው። የመድረክ ሰው በመሆኔ መልሱን ከራሴ ሙያ እጀምራለሁ። ተውኔት የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ምሥጢር አለ፤ ከትዕይንት ወደ ትዕይንት ስንሻገር መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት የሚሆነውን ነገር የሚጽፈው ተመልካቹ ነው። ባልየው በር ዘግቶ ይወጣል፤ መብራት ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመለስ ሚስቲቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ሞቱን አላሳየንም፤ ሞቱ ግን ታይቷል። የሥዕል ልብ ወለድ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ያለ መብራት አምስትና ስድስት ጊዜ ያጠፋል። በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው መካከል ያለችው ጠባብ ነጭ መስመር የአንባቢው መሬት ናት። ሠዓሊው ከዚህኛውና ከዚያኛው ወገን ይቆማል፤ ድልድዩን የሚሠራው አንባቢው ነው። ሰምና ወርቅ ሲፈታ ላደገ ሕዝብ ይህ እንግዳ ትምህርት ሊሆን አይገባም ነበር።

የራሳችን መዝገብ

በእርግጥም እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ የማስታወሻ ዕቃ መሸጫዎች ሁሉ፣ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሳፈረው መንገደኛም ጠቅልሎ በሚይዘው ሸራ ላይ፣ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በተርታ ሥዕሎች ተነግሮ እናገኘዋለን። በአብዛኛው አርባ አራት ሥዕሎች ናቸው። ከአርዌ መገደል ይጀምራሉ፤ በነጋዴው ታምሪን፣ በንግሥቲቱ ጉዞ፣ በሰሎሞን ግብር፣ በምኒልክ መወለድ አድርገው ታቦተ ጽዮን ወደ ኢትዮጵያ እስከ መጣችበት ድረስ ይዘልቃሉ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፤ በየሥዕሉም ላይ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አለ። በ20ኛው መቶ ዘመን የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች በብዛት የሠሩትን ይህን ሥራ «የቱሪስት ዕቃ» ብለን ስሙን ከለወጥንበት ጊዜ ጀምሮ ቀና ብለን አይተነው አናውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

እስቲ አንዲቱን ስፍራ እናንብብ። ንጉሡ ንግሥቲቱን በግድ እንደማይነካት ይምላል፤ እርስዋም ከቤቱ ምንም ነገር እንደማትወስድ ትምላለች። በአንዱ ሥዕል ግብር ቀርቧል፤ ምግቡ ቅመምና ጨው የበዛበት ነው። በሚከተለው ሥዕል ሌሊት ነው፤ ውሃ ቀርቧል፤ ንግሥቲቱ እጅዋን ዘርግታለች፤ ንጉሡም ነቅቷል። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ በሁለቱም ሥዕሎች ውስጥ ጥማት አልተሣለም። ጥማትን በቀለም መሣል አይቻልምና ሠዓሊው በሁለቱ ሥዕሎች መካከል አስቀመጠው። የታሪኩ ሁሉ መዞሪያ፣ የሥርወ መንግሥቱ መነሻ የሆነችው ያቺ ጥማት፣ በሸራው ላይ ቀለም ባልነካት መስመር ላይ ትገኛለች። የዘመኑ የሥዕል ልብ ወለድ ተመራማሪዎች ብዙ የሚጽፉለት ምሥጢር ይኸው ነው። እኛ ሸራውን በሜትር ስንሸጥ ኖረናል።

ሌላም ምስክር አለ። በተአምረ ማርያም ተጽፎ በአብያተ ክርስቲያናት የሚሣለው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ለዓይን የተዘጋጀ ነው። ሰባ ስምንት ነፍስ ያጠፋው ሰው ለተጠማ ድኻ የሰጠው ጥርኝ ውሃ በሚዛን ላይ ተቀምጦ፣ እመቤታችን ጥላዋን ስትጥልበት ሚዛኑ ያጋድላል። ጥላ ክብደት የለውም፤ በሥዕል ግን ይመዝናል። ይህን ያሰበ አእምሮ ሥዕልን የጽሑፍ ማስጌጫ አድርጎ አላየም፤ ጽሑፍ ብቻውን የማይደርስበትን ነገር የሚናገር አንደበት አድርጎ አይቶታል። የዓድዋንም ሥዕሎች እንይ። እንደ ልማዱ የእኛ ሰዎች ፊታቸውን ሙሉ አድርገው በሁለት ዓይን ያዩናል፤ ጠላት በአንድ ጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ይታያል። ማን ወገን ማን ጠላት እንደሆነ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ በአንድ ጊዜ ይለያል። ይህ ሰዋስው ነው። ሕግ አለው፤ ይነበባል፤ ሊማሩትም ይገባል። ለመሆኑ በየትኛው ትምህርት ቤታችን ውስጥ ልጆች ይህን ሰዋስው ይማራሉ?

ከምድራችን የወጣው የባዕድ ልጅ

እኛ የራሳችንን የሥዕል ትረካ በእንግዳ ሻንጣ ጠቅልለን ስንሸኝ፣ ከዚህችው ከተማ አንድ የባዕድ ልጅ ሌላ ሻንጣ ይዞ ወጥቶ ነበር። ሁጎ ፕራት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1927 በጣሊያን ተወለደ፤ በቬኒስ አደገ፤ በ1937 አባቱ ከወራሪው ኃይል ጋር ወዳገለገለባት ወደ አዲስ አበባ ከእናቱ ጋር መጣ። ያ ዓመት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ሰዎች ይህችን ከተማ በደም ያጠቡበት ዓመት ነው። ልጁ ገና አሥራ አራት ዓመት አካባቢ ሳለ አባቱ የቅኝ ግዛት ፖሊስ ልብስ አለበሰው። እ.ኤ.አ. በ1941 የወራሪው አገዛዝ ሲፈርስ አባቱ ተማርኮ በምርኮ ሳለ ሞተ፤ እናትና ልጅ በድሬዳዋ በእንግሊዞች ካምፕ ቆይተው በ1943 ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ይህ ልጅ አድጎ በአርጀንቲና ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን መርከበኛ ፈጠረ። መርከበኛው የታየበት «የጨው ባሕር እንጉርጉሮ» ልንለው የምንችለው ሥራ በአውሮፓ የሥዕል ልብ ወለድን ከልጆች መደርደሪያ አውጥቶ ለዐዋቂ አንባቢ ካቀረቡት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። ከ1972 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ሌ ኤቲዮፒኬ» በሚል ስም የሚታወቁትን አራት ታሪኮች ሠራ፤ ርእሱ የእኛን ስም ይዟል። ፕራት እ.ኤ.አ. በ1995 በስዊዘርላንድ እስካረፈበት ጊዜ ድረስና ከዚያም በኋላ፣ ከጣሊያኑ ሚሎ ማናራ እስከ አሜሪካዊው ፍራንክ ሚለር ድረስ ብዙ ሠዓሊዎች ከእጁ ተምረዋል።

«የወራሪን ልጅ ለምን ታወድሳለህ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሊሸሹትም አይገባም። መልሴ ግን አጭር ነው፤ ከጠላት የተማረከ መድፍ አፈሙዙ ይዞራል እንጂ አይጣልም። አባቶቻችን በዓድዋ የማረኩትን መድፍ የባዕድ ብረት ነው ብለው በገደል አልወረወሩትም። የፕራትንም ጥበብ መርምረን የሚጠቅመንን መያዝ፣ የጎደለውንም መናገር እንጂ ዓይንን መጨፈን ጀግንነት ሆኖ አያውቅም።

ከጥበቡ እንጀምር። ፕራት ወፍራም ጥቁር ቀለም የጠገበ ብሩሽ ይይዛል፤ ይህን ከአሜሪካዊው ሚልተን ካኒፍ ተምሯል። ነገር ግን ካኒፍ ያላደረገውን ያደርጋል፤ ዕድሜው በገፋ ቁጥር መስመር ይቀንሳል። በረሃን ለማሳየት አሸዋውን ሁሉ አይሥልም፤ ወረቀቱን ነጭ ይተወዋል፤ ፀሐዩ ከዚያ ነጭ ይወጣል። ሌሊትን ለማሳየት ገጹን በጥቁር ይሞላና ለአንድ ፊት ግማሽ ጉንጭ ያህል ብርሃን ይቆርሳል። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ በተከታታይ ሥዕሎች ፊታቸውን ብቻ እያቀያየረ ያሳያል፤ ንግግሩ ረዥም ነው፤ ምፀትም የሞላበት ነው። ከዚያ በድንገት ንግግሩ ይቆማል፤ ዝም ያሉ ሥዕሎች ይከተላሉ። ግድያው፣ መሰናበቻው፣ ፀፀቱ የሚፈጸመው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ተውኔት ጸሐፊ ሆኜ ስናገር፣ ሰዎችን በብዙ አናግሮ ዋናውን ነገር ሳያናግራቸው የሚያልፍ ደራሲ ሙያውን የጨረሰ ደራሲ ነው።

ከሥዕሉ በላይ ደግሞ የባሕርይ አቀራረጽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1931 በመጽሐፍ የወጣውን የቤልጂጉን ኤርዤን «ታንታን በኮንጎ» የተመለከተ ሰው አፍሪካዊው በአውሮፓ ሠዓሊ እጅ ምን ይመስል እንደነበር ያውቃል፤ ከንፈሩ የተጋነነ፣ አእምሮው የተቀነሰ አሻንጉሊት ነበር። በፕራት «ኤቲዮፒኬ» ውስጥ ግን ኩሽ የሚባል የምድራችን ቆላ ተዋጊ አለ። ኩሽ ሻንጣ ተሸካሚ አይደለም። ሃይማኖት አለው፤ ዓላማ አለው፤ ከኮርቶ ጋር ይከራከራል፤ በነጩ መርከበኛ ላይ ይስቃል፤ ለቅኝ ገዢም አይንበረከክም። ፕራት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ በመሠረተው «የበረሃ ጊንጦች» በተባለው ሌላ ሥራውም ይህን ሰው መልሶ አምጥቶታል። የፋሺስት ልብስ የለበሰ ልጅ አድጎ ወራሪውን ሳይሆን ተዋጊውን ቀጥ አድርጎ ሣለ። ይህን መመስከር ፍትሕ ነው።

የጎደለውስ? ርእሱ «የኢትዮጵያ» ይበል እንጂ ከአራቱ ታሪኮች አንዱ በየመን፣ ሌላው በእንግሊዝ ሶማሌላንድ፣ ሌላው በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ የሚካሄድ ነው፤ ወደ እኛ ምድር የሚገባው አንዱ ቢሆን እርሱም ወደ ደንከል በረሃ ያዘነብላል። ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1918 ነው። ስለዚህ ልጁ ያደገባት አዲስ አበባ የለችም፤ የካቲት 12 የለም፤ ደጋው፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የሸክላ ሠሪው መንደር የለም። ኢትዮጵያ ለፕራት የናፍቆት ስም ሆነች፤ አንድ መርከበኛ የሚያልፍባት ጠረፍ ሆነች። በዚህ አልወቅሰውም፤ መርከበኛ የሚሥለው ያለፈበትን ነው። ከተማዋን መሣል የነዋሪው ድርሻ ነበር። ነዋሪውስ የት ነበር? ሸራ ይሸጥ ነበር፤ ወይም እንደ እኔ በዳኝነት ወንበር ተቀምጦ ዝም ይል ነበር።

«የመጀመሪያው» ማለት ሒስ አይደለም

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነዋሪ ተነሥቷል ማለት አለብን። በሥራት ደበበ የመሠረተው ዕጣን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የሥዕል መጽሐፍ አወጣ፤ ከዚያም «ሃዊ» የተባለች ጀግና ሴት ያለችበትን ሌላ ታሪክ አስከተለ። የ«ጀምበር» ባለ ታሪክ አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ከሰው በላይ የሆነ ኃይል የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋዜጣው «የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና» ብሎ ጻፈ። ይህ ለዜና ይበቃል። ለሒስ ግን አይበቃም። ሐያሲ መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው። የአሜሪካ ልዕለ ጀግና ከክፉ ሰው ጋር ይታገላል፤ የእኛው ጀግና ግን ክፉ ሰው ከመምጣቱ በፊት ከሥራ አጥነት ጋር ይታገላል። የትምህርት ማስረጃውን በክንዱ ይዞ ከበር ወደ በር የሚዞር ወጣት የታሪኩ መነሻ መሆኑ ትልቅ ሐሳብ ነው። ታዲያ ኃይሉ ሲመጣ ያ ጥያቄ የት ይሄዳል? ጀግናው ሲበር ሥራ ፈላጊው ይረሳልን? ከተማይቱስ በሥዕሉ ውስጥ ትኖራለችን? ወይስ ከጀግናው በስተ ኋላ እንደ መጋረጃ ተሰቅላለች? ከባሕር ማዶ የተወሰደው የጡንቻና የሩጫ ልማድ ለእኛ ታሪክ ልክ ነውን? ወይስ እንደ ተውሶ ኮት ትከሻው ላይ ይሰፋል? ጽሑፉን የደረሰውን እያነሣን ሥዕሉን የሣለውን፣ ቀለሙን የቀባውን ስም ስንት ጊዜ ጠራን?

እነዚህ ጥያቄዎች መጽሐፉን ለማሳነስ የተነሡ አይደሉም። ደራሲ የሚከበረው እነዚህን ጥያቄዎች ሲጠየቅ ነው። ጭብጨባ ርካሽ ነው፤ ያጨበጨበ ሰው አንብቡ አይባልም። አንድን ወጣት ጥበበኛ «የመጀመሪያው» ብለን ሰቅለን ከተውነው ሁለተኛ ሥራውን የሚያሻሽልበትን ምክር ነፍገነዋል፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣውንም «አንተ ደግሞ ሁለተኛው ነህ፤ ዜና አትሆንም» ብለን አስናብተነዋል።

ያልተሣለችው ከተማ

ነገሩ ለምን አሁን ይነሣል? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሳይሆን በእኛው በ1950ዎቹ የጄት አውሮፕላን ዘመን ሲመጣ የከተማይቱ ማረፊያ ከልደታ ወደ ቦሌ ሜዳ ተዛወረ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ምሥራቅ አዲስ አበባ ያልተለወጠበት አሥር ዓመት የለም። ገርጂ፣ ሰሚት፣ ጎሮ፣ አያት፣ ቡልቡላ በሰው ዕድሜ ውስጥ ከማሳነት ወደ ፎቅነት ተሻገሩ። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው የከተማ ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ልጅ የነበረ ሰው፣ ከዚያ በፊት መንገዱ ምን ይመስል እንደነበር በቃል እንጂ በምስል አያውቅም። ፎቶግራፍ አለ ይባላል። ፎቶግራፍ አንድ ቀንን ይይዛል፤ ለውጥን አይተርክም። ዛሬ ማሳ የነበረው ነገ አጥር፣ ከነገ ወዲያ መሠረት፣ ከዚያ አሥራ ሁለት መስኮት መሆኑን፣ በእነዚህም መካከል አንዲት እናት ምን እንዳጡና ምን እንዳገኙ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያሳይ ጥበብ የሥዕል ትረካ ነው። ገጹ ትናንትንና ዛሬን በአንድ ጊዜ ለዓይን ያቀርባል፤ ፊልም አንዱን ሳያጠፋ ሌላውን ማሳየት ይቸግረዋል፤ ልብ ወለድም በየተራ ይነግረናል።

ያ ወጣት በሃያ አራት ገጾች የሠራው ይህንን ነበር። ማንም ሳያስተምረው፣ ከንግሥተ ሳባ ሸራ ይሁን ከባዕድ መጽሐፍ ባላውቅም፣ የሥዕሉን ስፋት ከመሬቱ ስፋት ጋር አስማማ፤ ሥዕሉ ሲጠብ ኑሮ ሲጠብ እንድናይ አደረገን። እናቲቱን ከመጨረሻው ገጽ አውጥቶ ጤና አዳምዋን አስቀረልን። በቅኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ቢሰማ መምህሩ «ይበል!» ይሉ ነበር። እኛ «ለልጆች ክፍል ይተላለፍ» አልን።

ምን ይደረግ?

ለቅሶ ብቻውን ሒስ አይሆንምና ወደ ተግባር እንምጣ።

አንደኛ፣ የኪነ ጥበብ ውድድር የሚያዘጋጁ ሁሉ የሥዕል ትረካን ራሱን የቻለ ዘርፍ ያድርጉት። በዳኝነቱም ላይ አንድ ሠዓሊና አንድ ደራሲ አብረው ይቀመጡ፤ «የእኔ አይደለም» እያሉ መገፋፋት ይቁም።

ሁለተኛ፣ እንዲህ ያሉ መጽሔቶች፣ ይህንንም ጨምሮ፣ ግጥምና አጭር ልብ ወለድ እንደሚያወጡ ሁሉ በየእትማቸው ጥቂት ገጾች ለሥዕል ትረካ ይስጡ። የሚወጣው ሥራ ሁሉ ሸጋ አይሆንም፤ የሚወጣው ግጥም ሁሉስ ሸጋ ነበርን?

ሦስተኛ፣ መምህራን ሆይ፣ ነገሩ በእጃችሁ ነው። በደብተሩ ኅዳግ ላይ የሚሥለውን ልጅ ከመቅጣት በፊት የሣለውን አንብቡ። የሳባን ሸራ ወደ ክፍል አምጡና ተማሪዎቻችሁን «ጥማቱ የት ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ጥያቄ የመለሰ ልጅ ልብ ወለድም ተውኔትም ማንበብ አይቸግረውም። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በአለ ፈለገ ሰላም ጥረት የተቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለአገራችን ታላላቅ ሠዓሊዎችን አፍርቷል፤ ሥዕልን በትረካ የሚያስተምር ክፍልም ከእርሱና ከሥነ ጽሑፍ መምህራኑ በጋራ ቢወጣ የሚያስደንቅ ሊሆን አይገባም።

አራተኛ፣ ካድሬዎችና የባህል ኃላፊዎች፣ ይህን ጥበብ ወደ ማስተማሪያ ፖስተርነት ብቻ ለማውረድ አትቸኩሉ። ስለ ጤና፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ችግኝ መልእክት ለማስተላለፍ ሥዕል መጠቀም ነውር የለውም። ነገር ግን መፍትሔው አስቀድሞ የተነገረው ሥዕል በሥዕሎቹ መካከል ለአንባቢው ምንም መሬት አይተውለትም። አንባቢ ያላሰበበት ሥዕል ደግሞ ከግድግዳ ሲወርድ ከልብም ይወርዳል።

አምስተኛ፣ ሐያስያን ሆይ፣ የሠዓሊውን ስም ጥሩ፤ ገጹን ግለጡ፤ መስመሩን መርምሩ። ያልገባን ቢኖር አልገባንም እንበል። የወደድነውን ለምን እንደ ወደድነው፣ የጠላነውን ለምን እንደ ጠላነው እንጻፍ። ሁጎ ፕራት ከቬኒስ መጥቶ በልጅነቱ ካያት ምድር በዓለም የሚነበብ ጥበብ አወጣ። በዚህች ምድር ተወልዶ፣ አውሮፕላኑ በጣሪያው ላይ ሲያልፍ እየሰማ ያደገ ልጅ ከዚያ ያነሰ ነገር እንዲሠራ የሚያስገድደው እጁ አይደለም፤ የእኛ ዓይን ነው።

ያ ደብተር አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ባለቤቱ ይህን ካነበበ ግን ሥራው በሥነ ጽሑፍም በሥዕልም ዘርፍ የሚመዘን፣ ሊሸለምም የሚገባው እንደነበረ ከዳኞቹ አንዱ በጽሑፍ መስክሮለታል። እጄን ያወጣሁት ዘግይቼ ነው፤ አውጥቻለሁ ግን። የቀራችሁት ተራው የእናንተ ነው።